የሞተር ሰልፍ በእድር ድንኳን

ሞተር እወዳለሁ። ሰውም እወዳለሁ። ሁለቱ አንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ግን ከእኔ ጋር አይስማሙም። የሞተሩ ፍቅር ከሥራ የመጣ ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ፣ ነጠላዬን ከጃኬቴ ሥር ጠቅጥቄ፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለውን ገጠር በሞተር ስዞር የኖርኩ ሴት ነኝ። ጭቃውንም፣ ውሻውንም፣ ሞተር አይቶ የሚደነብረውን በሬም አውቀዋለሁ። ሕዝብ መፍራቴ ደግሞ አንድ ጥምቀት ጃንሜዳ ሄጄ የአንድ እግር ጫማዬን እዚያው ትቼ ከተመለስኩ ወዲህ ነው። ጫማው አዲስ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት አዲስ አበባ ድረስ የሞተር ሰልፍ ልታይ ሄደች ሲባል፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ወዳጆቼ "ምን ነካት?" ማለታችሁን ሰምቻለሁ። የነካችኝ የእህቴ ልጅ ማህሌት ናት። ማሂ እንላታለን። ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ባለፈው ፋሲካ ማግስት ሞተር ገዝታ እናቷ ደጅ ላይ አቆመችው። እናቷ፣ ማለትም ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ፣ ወጥታ አየችውና "ከእኔና ከዚህ ምረጪ" አለች። ማሂ በእናቷ ወጥታ እልኸኛ ናት። ሞተሩን አስነስታ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ጓደኛዋ ቤት ገባች። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም።

በጥቅምት መጀመሪያ ማሂ ደወለችልኝ። "አክስቴ፣ እሑድ የሞተር ክለባችን ሰልፍ አለው። ማለቴ፣ ማዘር አንድ ጊዜ ስነዳ ብታየኝ በቃ። ስነዳ እኮ አይታኝ አታውቅም። እሷ የምታየው ስወድቅ ብቻ ነው፣ ያውም በሐሳቧ። ካንቺ በቀር የሚያመጣት የለም።"

እሺ አልኳት። እኔ እሺ ማለት አይከብደኝም፤ ችግሬ ከእሺ በኋላ ያለው ነው።

ዓርብ

ከደብረ ብርሃን ስንነሳ ብርዱ እንደምታውቁት ነበር። ለማሂ ስጦታ ይዣለሁ፤ ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ የሰጡኝ፣ አንድም ቀን ያላጠለቅኩት ቀይ ሄልሜት ነው። እትዬ እንዳታይብኝ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ጠባሴን ሳናልፍ ዓይኑን ጣለበት።

"እናቴ፣ ድስቱን ከታች ቢያደርጉት አይሻልም? ወጡ እንዳይፈስብዎት።"

"ባዶ ነው፣ አይፈስም" አልኩት።

"ባዶ ድስት ይዘው ነው አዲስ አበባ የሚሄዱት?" አለና በሐዘኔታ አየኝ። ሸኖ ላይ ሁሉም ቅቤ ሊገዛ ሲወርድ እሱ ዳቦ ገዝቶ መጣና ግማሹን ቆርሶ ሰጠኝ። አልፈልግም ብል ደግሞ "ይብሉ እንጂ፣ ማንም ላይ የሚደርስ ነው" ብሎ ለመነኝ። ባዶ ድስት ይዛ የምትሰደድ ሴት መሆኔን ተቀብዬ ዳቦውን በላሁ። ደግ ሰው ነው፣ ባለበት ደህና ይሁን።

ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ታክሲ ሰልፍ ያዝኩ። በእኛ አገር ባጃጅ ስትጠሩ ልጁ የእናታችሁን ስም ጠርቶ "ጤናዋ እንዴት ነው?" ይላችኋል። አዲስ አበባ ሰው በሥርዓት ተሰልፎ የሚቆመው ታክሲው እስኪመጣ ነው፤ ታክሲው ሲመጣ ሰልፉም ሥርዓቱም አብረው ይፈርሳሉ። ሄልሜቴን በክርኔ አቅፌ፣ ሁለት ሰው ረግጬ፣ ሦስት ሰው ረግጦኝ ገባሁ። ጫማዬን ግን በሁለቱም እግሬ ይዤ ነው የወረድኩት።

ካዛንቺስ የማውቃት ካዛንቺስ አልነበረችም። የማውቃቸው ቤቶች ሄደዋል፤ በቦታቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ አበባና መብራት ቆሟል። መንገዱ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የት እንዳለሁ ጠፋኝ። አንዱን ጎልማሳ ወደ ቂርቆስ የሚያወጣውን መንገድ ብጠይቀው፣ "ድሮ ሥጋ ቤቱ የነበረበት ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ። ከዚያ የፈረሰውን ፋርማሲ በቀኝ ይተዉና ቀጥ ይበሉ" አለኝ። እኔስ በምን አውቃለሁ? ሌላ ሴት ብጠይቅ እሷም በዚያው በሌለ ሥጋ ቤት ነው የመራችኝ። እኛ ዘንድ ሰው አቅጣጫ ሲናገር ያለውን ያሳያል፤ እዚያ ግን የነበረውን ነው። ሁሉም ስለሚያስታውሰው ማንም አይጠፋም፣ እንደ እኔ ያለ እንግዳ ካልሆነ በቀር። በሌለ ነገር ታጥፌ፣ የሌለ ነገር በቀኝ ትቼ፣ በመጨረሻ ያለው የእህቴ በር ላይ ደረስኩ።

እትዬ ዘነቡ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ሰላምታዋ ራሱ የስም ጥሪ ይመስላል፤ እከሌ እንዴት ነው፣ እከሊትስ፣ እያለች ሁላችሁንም ጠራች። ማሂን ብቻ ዘለለቻት። ከዚያ ጥቅሉን አየችው።

"ይሄስ?"

ያ ሰውዬ አፌ ላይ ጥሎት የሄደው ቃል ወጣ። "ድስት ነው።"

"ድስት! እንዴት አሰብሽልኝ!" ብላ ተቀብላኝ ወጥ ቤት አስገባችው። ቀኑ ጾም ስለነበር ሽሮና ጎመን በላን። እኔ ግን ዓይኔ ወጥ ቤት ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት "አንድ የጥንት ባልደረባዬን ልጠይቅ" ብዬ ወጣሁና ኡራኤል ማሂን አገኘኋት። ከስታለች። አቅፋኝ ቶሎ አልለቀቀችኝም። "ማዘር ደህና ናት? ጉልበቷስ?" አለችኝ። "ሄደሽ አትጠይቂያትም?" ብላት ትከሻዋን ሰበቀች።

ከኡራኤል ገባ ብሎ ወዳለ አንድ ላቫጆ ወሰደችኝ። እንግዲህ እዚህ ላይ፣ ሞተር እየወደዳችሁ ሕዝብ ለምትፈሩ ሁሉ አንድ ምክር ልስጣችሁ። የሞተር ሰልፍ የሚታየው በሰልፉ ቀን አይደለም፤ በዋዜማው፣ መኪና ማጠቢያ ቤት ነው። ሞተሮቹ ሁሉ እዚያ ተደርድረው ይታጠባሉ። ነጂዎቹ ካንዴላ ይፈታሉ፣ ፍሬን ይሞክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ሞተር ያማል። የሚጋፋችሁ የለም። እንደ ልባችሁ ትጠጋላችሁ፣ ትነካላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ። እኔማ ደስ ብሎኝ አንዱን ትልቅ ጥቁር ሞተር ስዳብሰው የክለቡ መሪ ቢኒ አየኝ። ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ፣ ፊቱ የሚያስፈራ፣ አንደበቱ ግን ማር የሆነ ልጅ ነው።

"ማሂ ነግራኛለች፤ እርስዎ እኮ የእኛ ሲኒየር ነዎት። ይውጡበት እንጂ" አለኝ።

ወጣሁበት። መውጣቱስ ባልከፋ። የገጠሩ ሞተሬ እንደ አህያ ዝቅ ያለች ነበረች፤ ይሄኛው ግን በቅሎ ነው። እግሬ መሬት አልደረሰ አለ፣ ወገቤም ለመውረድ እምቢ አለ። ቢኒና አንድ ጓደኛው በሁለት ብብቴ ይዘው እንደ ታቦት አወረዱኝ። ማሂ በሳቅ ሞተች። ክለቡ ሁሉ አጨበጨበ። አጣቢው ሲያጨበጭብ የውኃውን ጎማ ወደ እኔ ስላዞረው ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ራሰ።

ቀሚሴ እስኪደርቅ እትዬን የት እንደማስቀምጣት መጠየቅ ጀመርኩ። ሰልፉ ከኡራኤል ተነስቶ፣ ካዛንቺስን አቋርጦ፣ በቂርቆስ በኩል ጎተራ ነው የሚጨርሰው። ሰው የማይበዛበት ቦታ ታውቁ እንደሆን ብዬ ስጠይቅ አንዱ ልጅ ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አለና "ካዛንቺስ አንድ ካፌ አለ፣ ሰገነቱን ማንም አያውቀውም፣ ለማንም እንዳይነግሩ" አለኝ። ቀጥሎ የጠየቅኩትም ያንኑ ሰገነት በሹክሹክታ ነገረኝ። ሦስተኛዋ ልጅ ደግሞ ወንበር እንደያዘችልኝ ልትማልልኝ ምንም አልቀራት፣ እዚያው ሰገነት ላይ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የማያውቀው ቦታ ማለት ሁሉም ለየብቻው የሚያውቀው ቦታ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ እትዬ ሳሎን ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ የተከተፈ ሽንኩርት፣ የተበለተ ዶሮ፣ መሐሉ ላይ ቀዩ ሄልሜት።

"የነገውን ወጥ በአዲሱ ድስት ልሥራ ብዬ ነበር" አለች።

ዓይኔን ሽንኩርቱ ላይ ጣልኩ።

"ጆሮ የለው። ክዳን የለው። ከፊት ለፊቱ መስተዋት አለው። ይህን ድስት ለማን ነው ያመጣሽው?"

ያን ጊዜ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ የማሂን ስልክ፣ ሰልፉን፣ ላቫጆውን። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም። ቁጭ ባለችበት እንባዋ ወረደ። "ሁላችሁም እኔ የጨከንኩባት ይመስላችኋል" አለች። "ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርዳል። እሷ ትሆን ብዬ ነው፤ ደግሞም ስለሷ ሊነግሩኝ ይሆን ብዬ ነው። ልጅ ሠላሳ ዓመት አሳድገሽ በሁለት ጎማ ላይ አስቀምጪያት እስቲ።"

እኔ ራሴ በሁለት ጎማ ላይ የኖርኩት እሷ እናታችንን "አይዞሽ፣ ትመለሳለች" እያለችልኝ ነው።

እንባዋን ጠርጋ ብድግ አለችና ከወጥ ቤት ዘነዘና ይዛ መጣች። ሄልሜቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ባላት ኃይል መታችው። ደገመችው። ጎረቤት ቡና የሚወቀጥ ሳይመስለው አልቀረም። ሄልሜቱ ምንም አልሆነም፤ ዘነዘናው ግን ነጥሮ የበርጩማውን እግር ሰበረ።

"ጠንካራ ነው" አለች እያለከለከች። "እሺ፣ አያታለሁ። ግን ሕዝብ መሐል አልገባም። ጉልበቴ አያቆመኝም፣ እቀመጣለሁ። ፀሐይም ራሴን ያመኛል፣ ጥላ እፈልጋለሁ።"

የአንድ እናት ልጆች መሆናችን እዚህ ላይ ታወቀ።

ጥላና መቀመጫ ያለው ማነው? የእድሩ ዕቃ ቤት። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ይልማ የእትዬ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ደንብ ወዳድ ሽማግሌ። ዕቃ ቤቱም ያለው ከእትዬ ደጅ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ሰልፉ የሚያልፍበት መንገድ ዳር፣ ማጠፊያው ላይ ነው፤ እዚያ ቆሞ የሚያይ ሰው አይኖርም። ድንኳኗንና ሁለት አግዳሚ ብንጠይቃቸው፣ "ደንቡ ለሐዘንና ለሠርግ ነው የሚለው። ሰልፍ የሚባል ነገር የለበትም" አሉ።

"ጋሽ ይልማ፣ ልጄን ላያት ነው" አለች እትዬ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ከፋሲካ ወዲህ ያለውን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። "ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔው ራሴ እተክላታለሁ" አሉ።

እሑድ

ጋሽ ይልማ ድንኳን የሚተክሉት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ለሌላ ነገር ተክለው አያውቁማ። ሁለት አግዳሚ ብንለምናቸው ስምንት አምጥተው ፊት ለፊት ደረደሩ። በር ላይ የውኃ ጀሪካንና ማስታጠቢያ አስቀመጡ። "ሙሉ ካልሆነ አያምርም" ብለው ልብስ ሊቀይሩ ወደ ቤት ገቡ። እትዬ ከዳር ተቀመጠች። ፀሐዩ በጎን ይገባ ስለነበር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ፊቷ ድረስ ተከናነበች። ልጇን ለማየት ጓጉታም ፈርታም ስለነበር ፊቷ አመድ መስሏል። እኔ ከጎኗ ሆኜ እጇን ይዣለሁ።

እንዲህ ሆነን ከውጭ ያየን ሰው ምን እንደሚያስብ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለእኔ ግን በዚያች ሰዓት አልመጣልኝም።

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ጥግ ተቀመጡ። ቀጥለው ሁለት ሴቶች፣ ከዚያ አንድ ቤተሰብ በሙሉ። "ምስጢራችን ወጣ" ብዬ ተናደድኩ፤ ጋሽ ይልማ ስለ ሰልፉ ለሰው አውርተው ይሆናል አልኩ። ግን ደግሞ ተመልካቾቹ ጨዋነታቸው ገረመኝ። አይጋፉም፣ አይንጫጩም፣ አንዱ ለሌላው ይነሳል። አንዳንዱ በረጅሙ ይተነፍሳል። በእኛ ከተማ የብስክሌት ውድድር ሲኖር የምንጮኸውን አስታውሼ አፈርኩ። "የቂርቆስ ሰው ሰልፍ እንዴት እንደሚጠበቅ ያውቃል" ብዬ ለእትዬ ሹክ አልኳት። እሷ አልሰማችኝም፤ ዓይኗ ማጠፊያው ላይ ነበር።

የለቅሶ ቤት ወግ ታውቃላችሁ። ገብቶ "ማን ነው የሞተው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ነውር ነው። ተቀምጠህ ትቆያለህ፣ ነገሩ ቀስ እያለ ይደርስሃል። ሁሉም ከሌላው እስኪደርሰው ይጠብቃል፣ ለማንም የሚደርስ ነገር ግን የለም። ስምንቱ አግዳሚ ሞላ። ከወዲያኛው ግቢ ጎረቤቶች እሳት አንድደው ንፍሮ መጣዳቸውን በኋላ ነው የሰማሁት።

ከዚያ እማማ ደስታ መጣች። ሁለት በር አልፎ ያለች፣ ማሂን በልጅነቷ ጡት ያጠባች ሴት ናት። ከሩቅ ድንኳኑን አየች፤ እትዬ ነጠላ አዘቅዝቃ፣ እኔ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ። ሌላ ምን ትበል? እያለቀሰች ሮጠች።

"ማሂዬን! ማሂዬን! ያ ሞተር ይበላታል ብዬ ነበር እኮ!"

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተነሳ። እማማ ደስታ ድንኳኑን አይታ ማሂ ሞተች አለች፤ እትዬ ደግሞ እማማ ደስታን አይታ አመነች። እጄን ለቀቀች። አልጮኸችም። ቆመችና "የት?" አለች። አንዲት ቃል ብቻ። ድምፅዋ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

እኔም አመንኩ፣ ምን አደብቃችኋለሁ። ስልኬን አውጥቼ ማሂ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። ደገምኩ። ይጠራል፣ አታነሳም። እትዬን ነይ እያልኩ ያመጣኋት እኔ፣ ሞተሩን ጥሩ ነው ያልኩት እኔ፣ ሄልሜት የገዛሁ ያህል የተኩራራሁት እኔ። ሦስተኛ ደወልኩ።

ማሂ ስልክ ያላነሳችው እየነዳች ስለነበር ነው። ኡራኤል ሰልፉ ሊነሳ ሲል አንድ የሰፈር ልጅ ደውሎ "እናትሽ ደጅ ድንኳን ተተክሏል፣ ቶሎ ነይ" ብሏታል። እሷም ሌላ ምን ታስብ? ወዲያው ሞተሯን አስነሳች። ቢኒ ግን ፊቷን አይቶ ጠየቃት፤ ነገሩን ሲሰማ ክለቡ እንዲከተል እጁን ወደ ላይ አነሳ። ለቅሶ የሚሄድ ጓደኛ ብቻውን አይለቀቅም። ክለቡ በሙሉ ተከተላት።

እኛ የሰማነው ከማጠፊያው ወዲያ የሚመጣ ወፍራም ጉምጉምታ ነው። መብራታቸውን አብርተው፣ ጥሩምባ ሳይነፉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው በቀስታ መጡ። ከፊት ማሂ ነበረች። ልክ ድንኳኑ በር ላይ ስትደርስ ሞተሯን ጥላው ልትወርድ ስትል ቢኒ ያዘላት። ገባች። እናቷን ቆማ አየቻት። እናቷም አየቻት።

እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። አንዳቸው ለሌላቸው የሚያለቅሱ፣ ሁለቱም በሕይወት። ማሂ "እማዬ!" ብላ ተጠመጠመችባት፤ ግን ሄልሜቱን ስላላወለቀች የእትዬን ግንባር ገጨችው። እትዬ ልትስማት ብትሞክር መስተዋቱን ሳመች። የአገጩን ማሰሪያ ልትፈታ ብትሞክር አልፈታ ቢላት ሄልሜቱን በመዳፏ ትደበድበው ጀመር፣ እያለቀሰች። በመጨረሻ ቢኒ ፈታላት። እትዬ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከፋሲካ ወዲህ የመጀመሪያዋ ቃል ይህች ነበረች፦

"ምሳ በልተሻል?"

እኔም አለቀስኩ፣ ላልሞተ ሰው አልቅሼ አላውቅም ነበር።

ነገሩ ሲገለጥ መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ ሁሉም ፈነዳ። እማማ ደስታ ብቻ ተቀይማ "ስታለቅሱ እኮ ሁላችሁም አብራችሁኝ ነበር" ትላለች። ጋሽ ይልማ በአዲሱ ኮታቸው ሲደርሱ ደጁ ላይ አርባ ሞተር፣ ውስጡ አርባ ሐዘንተኛ ጠበቃቸው። "ደንቡን እኮ ተናግሬ ነበር" ብለው ማስታጠቢያው አጠገብ ቆሙ። ጥግ የተቀመጡትን ሽማግሌ "የሞተ የለም፣ መሄድ ይችላሉ" ብንላቸው "አንዴ ተቀምጫለሁ፣ ሰልፉንም አይቼ እሄዳለሁ" አሉ።

ንፍሮው ደረሰ። የተቀቀለ አይጣልም። ጋሽ ይልማ ጥቂት አስበው "ንፍሮ ለደስታ አይበላም የሚል ደንብ የለም" ብለው ፈረዱ። ያ ጢማም ቢኒ፣ ያ ሁሉ ቆዳ የለበሰ ጎረምሳ፣ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ በእፍኙ ንፍሮ ሲቆረጥም ማየት ነበረባችሁ። "ይመቻችሁ፣ እንዲህ ያለ አቀባበል የትም አላገኘንም" ይላሉ። የዶሮው ወጥ ለእናትና ለልጅ ሆነ፤ እትዬ ማሂን አጠገቧ አስቀምጣ እያጎረሰች፣ በየጉርሻው መሐል እየተቆጣቻት።

በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሰልፉን እየጠበቀ ነበር። ያ ማንም የማያውቀው ሰገነት ሰው ሞልቶ ባለቤቱ በሩን ዘግቶበታል አሉ። እነሱ ያዩት የትራፊክ ፖሊሱን ብቻ ነው፤ ሞተሮቹ በሌላ መንገድ እኛ ጋ ገብተው ንፍሮ ላይ ነበሩ። ሕዝብ ሸሽቼ ሕዝብ ቢያገኘኝም ሰልፉን ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉ በቅርብ፣ ተቀምጬ፣ ጥላ ሥር ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ።

ሊነሱ ሲሉ እትዬ ቀዩን ሄልሜት ራሷ አመጣች። የማሂን አውልቃ እሱን አጠለቀችላት፤ ማሰሪያውን አጥብቃ በጣቷ ለካች። "ሂጂ እንግዲህ" አለች። ሞተሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሲወጡ ሐዘንተኞቹ ሁሉ ተነስተው እልል አሉ። እትዬ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን በአንድ ዓይኗ ታያለች። ማሂ ወገቧን ቀጥ አድርጋ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ ማጠፊያውን ዞረች። እንደኔ ነው የምትነዳው፣ እንዲያውም ትበልጠኛለች። ኮራሁ።

ሰኞ

ጠዋት እትዬና ጋሽ ይልማ ታክሲ ድረስ ሸኙኝ። ጋሽ ይልማ በመንገድ ላይ ለሚቀጥለው የእድር ስብሰባ "ለሰልፍም ይፈቀዳል" የሚል አንቀጽ ሊያቀርቡ እንደሆነ ነገሩኝ። መናኸሪያው እንደወትሮው ተጨናንቋል። ከእኛ አልፈው ጣርማበር ድረስ የሚሄዱ ሰዎች ተጋፍተውኝ የመጨረሻውን መቀመጫ ያዙብኝና የሚቀጥለውን መኪና ጠበቅኩ። አልተበሳጨሁም። ቤቴ ስገባ ብርዱ ተቀበለኝ፤ ሰፈራችን ጭር ብሏል። ሁለት ቀን ያህል ጭርታው ከበደኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ?

ባለፈው ማክሰኞ አመሻሽ ላይ እትዬ ደወለች። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

"ስሚ፣ አሁን በደጄ አልፋ ሄደች። ከሥራ ስትወጣ በዚህ በኩል ሆኗል መንገዷ። ዛሬ ማኅበር አላት፣ አልገባችም። እኔም ወጥ ቤት ነበርኩ፣ አላየኋትም። በዚህ መንገድ በቀን ስንት ሞተር ያልፋል፤ የሷን ግን ገና ከማጠፊያው አወቅኩት።"

"ጎሽ እትዬ!" አልኳት። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

"ቆይ፣ አልጨረስኩም" አለችኝ፣ የአስተማሪነት ድምፅዋን አውጥታ። "ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስታስገባ ትቸኩላለች፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። አንቺ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ ትለኛለች።"